ሪቬቱ ሲጋደም፦ የትኛው ይውጣ፣ የትኛው ይቆይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የሚሠራ አውሮፕላን ከኪት (ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የመገጣጠሚያ ዕቃ) እየገጣጠሙ ነው። የግራውን ክንፍ የላይኛውን ላሜራ ከሪቦቹ (ለክንፉ ቅርጽ ከሚሰጡት የውስጥ አጥንቶች) ጋር በሪቬት፣ ማለትም ተመትቶ በሚጠፈጠፍ አጭር የብረት ካስማ፣ ማያያዝ ጀምረዋል። በአየር ግፊት የሚመታውን የሪቬት ሽጉጥ እሳቸው ይይዛሉ፤ ከውስጥ ያለውን ደጋፊ ብረት እህታቸው ትይዛለች። 60 ያህል ከመቱ በኋላ ሲያዩት 11ዱ ከውስጥ ወደ ጎን ተጋድመዋል። ከላይ በኩል በአንዳንዶቹ ዙሪያ ላሜራው ጎድጎድ ብሏል፤ የሁለቱ ራስ ደግሞ ከላሜራው ከፍ ብሎ ቀርቷል። «በእጅ መጭመቂያ የሠራሁት የጅራት ክፍል አንድም እንከን አልነበረውም። ሽጉጥ ላይ ምን አጠፋሁ? ሁሉንም ሰርስሬ ላውጣቸው ወይ?» ይላሉ።

በመጀመሪያ ድሪሉን ያስቀምጡት፤ ዛሬ ምንም አያውጡ። ከ11ዱ መሃል በእርግጥ መቀየር ያለባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ይመስሉኛል። እኔን ይበልጥ ያሳሰቡኝ በመጨረሻ በአንድ መስመር የጠቀሷቸው ሁለቱ፣ ራሳቸው ከፍ ብሎ የቀሩት ናቸው። ከውስጥ የተጋደመ ሪቬት ብዙ ጊዜ የእጅ ጥፋት ነው። ከላይ አልገባ ያለ ሪቬት ግን ሽጉጡ ከመነሳቱ በፊት ሳይሠራ የቀረ ነገር እንዳለ ይናገራል፤ ያ ነገር ደግሞ ገና ባልተመቱት ቀዳዳዎች ላይም ሊኖር ይችላል።

ሪቬት እንዴት እንደሚይዝ እናስታውስ። ብሎን የሚይዘው ጠብቆ ነው፤ ሪቬት የሚይዘው ወፍሮ ነው። ሲመታ ለስላሳው ግንድ ያብጣል፣ ቀዳዳውን ግጥም አድርጎ ይሞላል፣ የተረፈው ከውስጥ ተጠፍጥፎ ራስ ይሆናል። በረራ ላይ ላሜራውና ሪቡ እርስ በርስ ሊንሸራተቱ ሲሉ የሚያግዳቸው ቀዳዳውን የሞላው ግንድ ነው። ክንፍዎ ላይ በብዛት ያለው ባለ 3/32 ኢንች ሪቬት ከመቆረጡ በፊት 98 ኪሎ ግራም ገደማ ይችላል፤ ባለ 1/8 ኢንቹ 176 ኪሎ ግራም ገደማ። ይህ ሁሉ በግንዱ ላይ የሚያርፍ ጭነት ነው። ከውስጥ ያለው ጥፍጥፍ ራስ ግንዱ እንዳይወጣና ላሜራዎቹ እንዳይላቀቁ ይይዛል፤ ትንሽ ስላጋደለ ብቻ ግንዱ አይደክምም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ካሊፐር፣ የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዘው 11ዱን አንድ በአንድ ይዩአቸው። ጥሩ ጥፍጥፍ ራስ ስፋቱ የግንዱ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቁመቱ የግንዱ ግማሽ ነው። ለባለ 3/32ቱ ስፋቱ 3.6 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 1.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ለባለ 1/8ቱ 4.8 እና 1.6። የኪቱ መመሪያ ከዚህ ምን ያህል ዝቅና ከፍ ማለት እንደሚፈቀድ ይነግርዎታል፤ እሱን አጠገብዎ ያድርጉ። አንዱ ጎን ከሌላው ወፈር ቢል፣ ራሱ ከመሃሉ ትንሽ ሸሸት ቢል፣ ቀጭኑ ጎን ግን በልኩ ውስጥ ከሆነና ቀዳዳውን ዙሪያውን ከሸፈነው ይተውት። የሚወጣው ግንዱ ራሱ ታጥፎ የተኛ፣ በአንድ ወገን የቀዳዳው ጠርዝ የሚታይበት፣ ራሱ ላይ ስንጥቅ ያለበት ወይም ከራሱ ሥር ክፍተት ያለው ነው። እነዚህ ግንዱ ቀዳዳውን በትክክል እንዳልሞላው የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው።

አሁን ወደ «ለምን?» እንምጣ። መጭመቂያው ያልከዳዎት ምክንያት ቀላል ነው። የመጭመቂያው ሁለት መንጋጋዎች በአንድ አካል ላይ ስላሉ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሽጉጥ ላይ ግን ያንን ቀጥታ መስመር የሚጠብቁት በላሜራው የተለያዩ፣ እርስ በርስ የማይተያዩ ሁለት ሰዎች ናቸው። በመጭመቂያ ሲሠራ ይቅር የሚባል ስህተት ሽጉጥ ላይ ይቅር አይባልም።

ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ርዝመቱን ነው። ከላሜራዎቹ የሚተርፈው ግንድ የራሱን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል መሆን አለበት። 0.025 ኢንች ላሜራ በ0.032 ኢንች ሪብ ላይ ሲያርፍ ድምሩ 1.45 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ላይ የ2.4 ሚሊ ሜትር ግንድ አንድ ተኩል እጥፍ ሲጨመር 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። እንደ እርስዎ ያለው፣ ከላይ ከላሜራው ጋር እኩል የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ራስ ያለው ሪቬት ርዝመቱ ራሱን ጨምሮ ስለሚለካ፣ «ኤኤን 426 ኤዲ 3-3» የሚል መለያ ያለው 4.8 ሚሊ ሜትር፣ «3-3.5» ደግሞ 5.6 ሚሊ ሜትር ነው። ልክዎ በሁለቱ መሃል ወደቀ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ረዘም ያለው ይሻላል፣ ብረት አይጎድለኝም» ብሎ ያስባል። ረዥም ግንድ ግን መዶሻ ሲያርፍበት እንደ ረዥም ሚስማር ነው፤ ከመጠፍጠፉ በፊት መታጠፍ ይቀናዋል። አጭሩ ሲጠፈጠፍ ራሱ በልኩ ውስጥ ከሆነ አጭሩን ይምረጡ። ሥዕሉ የሚያዘው ርዝመት መነሻዎ ይሁን፤ ከዚያ ክንፉ ላይ ካለው ውፍረት ጋር እኩል የሆነ ቁርጥራጭ ላሜራ ወስደው ሁለቱንም ርዝመት መትተው ይለኩ። ሁለት ዓይነት ርዝመት አንድ ሳህን ላይ ተቀላቅሎ ከሆነም መልሱን አገኙት ማለት ነው። ይህን በብዙ ጋራዦች አይቻለሁና መጀመሪያ ሳህንዎን ይመልከቱ።

ቀጥሎ የእህትዎ እጅ። ጥፋቱ የእሷ ነው ማለቴ አይደለም፤ ደጋፊ ብረት የሚይዝ ሰው ከሽጉጥ ያዡ የበለጠ ከባድ ሥራ ነው የሚሠራው። ለባለ 3/32ቱ ሪቬት ከ0.9 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ይበቃል፤ ለባለ 1/8ቱ ከ1.4 እስከ 1.8። ከዚህ የቀለለ ብረት ከምቱ ጋር አብሮ ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥር ደግሞ ያረፈበትን ማዕዘን ይስታል። ከተንግስተን የተሠራ ካገኙ በትንሽ መጠን ብዙ ክብደት ስለሚይዝ በሪቦች መሃል ለሚሠራ እጅ ትልቅ እፎይታ ነው። ብረቱን በኃይል አትግፋው። ግፊቷ ከእርስዎ ግፊት ከበለጠ ላሜራውን ከሪቡ ታላቅቀዋለች፤ ሪቬቱም ወደ ውጭ ይገፋል። በክብደቱ ይረፍ፣ እሷ ቀጥ ብሎ መቀመጡን ብቻ ትጠብቅ። የመካከለኛና የቀለበት ጣቷን ጫፍ ሪቡ ላይ ብታሳርፍ ብረቱ ወደየት እንዳዘነበለ ዓይኗ ሳያይ እጇ ያውቀዋል። ብረቱ የሪቡን ከንፈር (ላሜራው የሚያርፍበትን የታጠፈ ጠርዝ) እንዳይጭር ከሪቬቱ ውጭ ያለውን ፊቱን በስኮች ይሸፍኑት።

መጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ምቶች ሪቬቱ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ወይም እንደሚጋደም ይወስናሉ። ስለዚህ ተርርር ብሎ ከመምታት በፊት ምላጩን ነካ አድርገው ይልቀቁና እሷ ትይ። መጋደም ከጀመረ ብረቱን ከተጋደመበት በተቃራኒ ጥቂት አዘንብላ እንደገና ነካ ቢደረግ ብዙ ጊዜ ይቃናል። ተጠፍጥፎ ካለቀ በኋላ ግን ለማቃናት መምታት ብረቱን ያደነድነዋል እንጂ አያቃናውም።

ሁለታችሁም የጆሮ መከላከያ ስለምታደርጉ መጮህ አይሠራም። በሙያው የቆየ የመንካት ምልክት አለ፤ ደጋፊ ያዡ ሪቬቱን በብረቱ ይነካል፣ ምልክቱ ወደ ውጭ ይሰማል። አንዴ መንካት «ምታ» ነው፤ ሁለቴ «ጥሩ ነው፣ ቀጥል»፤ ሦስቴ «ተበላሽቷል፣ ቁም»። የማዘዙ መብት ሁልጊዜ ከውስጥ ላለው ሰው ይሁን። እርስዎ የሚያዩት ጠፍጣፋውን ራስ ብቻ ነው፤ ሪቬቱ የሚሆነውን የምታየው እሷ ናት። እሷ «አለሁ» ሳትል ምላጩ አይነካም። ጎድጎድ ካሉት ቦታዎች አንዳንዶቹ፣ እሷ ብረቱን ወደሚቀጥለው ሪቬት እያዛወረች ሳለ እርስዎ የመቱባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከኋላው ደጋፊ የሌለው ሪቬት ሲመታ ሸክሙ በሙሉ ላሜራው ላይ ያርፋል።

ወደ ሽጉጡ ስንመጣ፣ በላሜራ ሥራ ላይ የተለመደው «3ኤክስ» የሚባለው መጠን ለእርስዎ ሥራ ይስማማል። የአየር ግፊቱን ለባለ 1/8ቱ ወደ 2.8 ባር፣ ለባለ 3/32ቱ ደግሞ ከ1.7 እስከ 2.1 ባር አድርገው ይጀምሩና በቁርጥራጭ ላይ ያስተካክሉ። ሪቬቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት። በጣም ከዘገየ በምት ብዛት ግንዱ ይደነድናል፤ በጣም ከፈጠነ ደግሞ ሁለታችሁም ለማረም ጊዜ አታገኙም። ሽጉጡን በአንድ እጅ አይያዙ። አንድ እጅ መያዣው ላይ፣ ሌላው እጅ ምት የሚያርፍበት ሰፊ መምቻ ላይ ይሁን፤ የዚህኛው እጅ ጣቶች ላሜራውን ይንኩ። ክርንዎ ከጎንዎ ተጠግቶ፣ የሰውነትዎ ክብደት ከሽጉጡ ኋላ ይሁን። መምቻው ከላሜራው ጋር ሙሉ በሙሉ ተኝቶ መቀመጡን ሳያረጋግጡ ምላጩን አይሳቡ፤ ምላጩን ሳይለቁም ሽጉጡን አያንሱ። ዙሪያው ላስቲክ ያለውና እንደ ልቡ የሚታጠፈው መምቻ ለጀማሪ ብዙ ስህተት ይሸፍናል። ፊቱ ላይ ጭረት ካለ ግን ያንኑ ጭረት በየሪቬቱ ላይ እያተመ ይሄዳል፤ በየቀኑ ይወልውሉት።

በየሪቬቱ ዙሪያ ያለው ጉድጓድ ሁሉ ግን ከሽጉጥ አይመጣም። ብዙው የሚመጣው ስርጉዱ በደንብ ካለመመታቱ ነው።

ስርጉድ የምለው፣ ጠፍጣፋው ራስ እኩል ሆኖ እንዲቀመጥ ቀዳዳው ዙሪያ በወንዴና ሴቴ ሻጋታ የሚወጣው፣ ጉንጭ ላይ እንዳለው ስርጉድ ያለ ጉድጓድ ነው። የሪቬቱ ራስ 100 ዲግሪ ስለሆነ ስርጉዱም 100 ዲግሪ መሆን አለበት። ሻጋታው በቂ ምት ካላገኘ ስርጉዱ መሃሉ ላይ ይወጣል፤ ዙሪያው ያለው ላሜራ ግን እንደ ሳህን ቀስ ብሎ እየዘቀጠ ይቀራል። መብራት አስተኝተው ከጎን ቢያበሩበት ወዲያው ይታያል፤ ጥሩ ስርጉድ ዙሪያው ያለው ብርሃን እስከ ክቡ ጠርዝ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጠርዙም ጥርት ያለ ክብ ነው። መጥፎው ላይ ብርሃኑ ከሩቅ ጀምሮ ይጎብጣል። ባልተመቱት ቀዳዳዎች ላይ ይህን ያጣሩ። ጎብጦ ካገኙት ላሜራውን መልሰው ሻጋታው ላይ አስቀምጠው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ይህ ሪቬት ሳይገባ በፊት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከፍ ብለው የቀሩት ሁለት ሪቬቶች ምክንያታቸው ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው፣ የላሜራው ስርጉድ በሪቡ ስርጉድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልተቀመጠም፤ የሪቡ ስርጉድ ከላሜራው ጥቂት ጠለቅ ማለት አለበት። ሁለተኛው፣ በመሃላቸው ጥርስ (ድሪል በቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚተወው ሻካራ ትርፍ) ወይም የድሪል ፍርፋሪ ገብቷል። ሦስተኛውና ክፉው፣ ሪቬቱ ሲመታ ላሜራውና ሪቡ ተቃቅፈው አልነበሩም፤ ግንዱ በክፍተቱ ውስጥ አብጦ እንደ ቀለበት ተቀምጧል። ይህ ሪቬት ከላይም ከታችም ቆንጆ ራስ ሊኖረው ይችላል፤ በመሃሉ ግን ሁለቱን ለያይቶ ይዟቸዋል። በላሜራውና በሪቡ መሃል ቀጭን ወረቀት እስከ ግንዱ ድረስ ከገባ ሦስተኛው ነው፤ መውጣት አለበት። ወረቀቱ ካልገባና ከፍታው ጣትዎ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ግን ጉዳቱ ለዓይን ብቻ ነው። በሞረድ ወይም በመፍጫ የሪቬት ራስ አሳንሶ ማስተካከል ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ራሱን ሲያሳሱ የሚይዘውን ጉልበት ነው የሚያነሱት።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይመጣል። ስርጉድ ማውጣት አድካሚ ስለሆነ «የላሜራውን ቀዳዳ አፍ በመቁረጫ ባሰፋውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አፉን መቁረጥ የሚቻለው ላሜራው ለሪቬቱ ራስ ቁመት የሚበቃ ውፍረት ሲኖረው ብቻ ነው፤ ለባለ 3/32ቱ ቢያንስ 0.032 ኢንች፣ ለባለ 1/8ቱ ቢያንስ 0.040 ኢንች። ከዚህ በቀጠነ ላሜራ ላይ መቁረጫው ወደ ሌላኛው ፊት ይደርሳል፤ የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ቢላዋ ስለት ይሳላል። በ1988 እ.ኤ.አ. የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በረራ ላይ ሳለ የላይኛው የሰውነቱ ላሜራ ተገንጥሎ ሄደ፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች። አውሮፕላኑ 90,000 ያህል ጊዜ ተነስቶ አርፏል። ላሜራዎቹን የሚያጣብቀው ማጣበቂያ ሲላቀቅ ሸክሙ ወደ ሪቬቶቹ ዞረ፤ የሪቬቶቹ ቀዳዳ አፍ ደግሞ በላሜራው ውፍረት ሙሉ ስለተቆረጠ ጠርዙ ስለት ሆኖ ነበር። ስንጥቁ የተነሳው ከዚያ ስለት ነው፤ ከአንድ ቀዳዳ ሳይሆን ከተጎራባች ብዙ ቀዳዳዎች በአንድ ጊዜ። የእርስዎ ክንፍ ያን ያህል አይበርም፤ የብረት ድካም የሚጀምርበት ቦታ ግን አንድ ነው። በዚሁ ምክንያት ከስርጉድ በፊት የእያንዳንዱ ቀዳዳ ጥርስ በሁለቱም ወገን መነሳት አለበት። ጥርሱ ሳይነሳ ስርጉድ ቢወጣበት ጠርዙ በጸጉር ስንጥቅ ይከፈታል። የጥርስ መጥረጊያውን በእጅ ሁለት ዙር ማዞር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከዞረ የቀዳዳውን አፍ መቁረጥ ይጀምራል።

መውጣት ላለባቸው ሪቬቶች አወጣጡን ልንገርዎ። በዚህ ሥራ ላይ ከመምታት ይልቅ ማውጣት ብዙ ክንፍ አበላሽቷል።

«ኤዲ» የሚባሉት ሪቬቶች ከፋብሪካ ሲወጡ ራሳቸው መሃል ላይ ትንሽ ነጥብ አላቸው፤ ይህ የብረታቸው ዓይነት 2117 መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ነጥቡ የሌለው ልሙጥ ራስ ለስላሳው «ኤ» ነው፤ ክንፍ ላይ አይገባም። ነጥቡ ለድሪሉ ፑንታም መቀመጫ ይሆናል። 2.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ወይም ጥቂት የቀጠነ ይጠቀሙ። በመጀመሪያ ድሪሉን በእጅ ሁለት ሦስት ዙር አዙረው መሃሉን መያዙን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በዝግታ እስከ ሪቬቱ ራስ ጥልቀት ብቻ ይሰርስሩ፣ ወደ ላሜራው ቀዳዳ አይዝለቁ። በተሰረሰረው ውስጥ ቀጭን ፓንች አስገብተው ወዘወዝ ሲያደርጉት ራሱ ይነቀላል። ግንዱን ወዲያው በመዶሻ አይምቱት፤ ከውስጥ ያለው የሪቡ ከንፈር ይታጠፋል። 2 ሚሊ ሜትር ፑንታ በግንዱ መሃል ቢያስገቡ ያበጠው ግንድ ይፈታል። ከዚያ እህትዎ ከውስጥ፣ ጥፍጥፉ ራስ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው እንጨት ትደግፍና እርስዎ በፓንች ቀስ ብለው ይግፉት።

ቀዳዳው ክብ ሆኖ ከተረፈ ያንኑ መጠን ሪቬት መልሰው ይምቱ። ከሰፋ፣ ግንዱ 1/8 ኢንች ሆኖ ራሱ ግን አነስ ያለ «ኤንኤኤስ 1097 ኤዲ 4» የሚባል ሪቬት አለ፤ በባለ 3/32ቱ ስርጉድ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ሪቬት በአንድ ክንፍ ላይ ቢኖር ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ግንዱ ሲወፍር ከጠርዙ የሚፈለገው ርቀትም ያድጋል፤ ከቀዳዳው መሃል እስከ ላሜራው ወይም እስከ ከንፈሩ ጠርዝ ቢያንስ የግንዱ ሁለት እጥፍ ያስፈልጋል። ለባለ 3/32ቱ 4.8 ሚሊ ሜትር የነበረው ለባለ 1/8ቱ 6.4 ይሆናል።

ይህን የምለው እጄ ላይ ስለደረሰ ነው። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት የክንፍ ፊት ክፍል ላይ አንድ ሪቬት ተጋደመብኝ። አለቃዬ ሳያየኝ ላስተካክለው ብዬ ሰረሰርኩት። ፑንታው ሸሸ፤ ቀዳዳው ስምንት ቁጥር ሠራ። ባለ 1/8 አስገባሁበት። ማታ ስለካው ከሪቡ ከንፈር ጠርዝ የቀረው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በማግስቱ ሪቡ በሙሉ ወጣ፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ ደህና የነበሩ ከ30 በላይ ሪቬቶች ተሰረሰሩ። አለቃዬ አልተቆጣም። ካሊፐሩን ሰጠኝና አጠገቡ የነበረውን፣ እኔ «ይሄም መውጣት አለበት» ብዬ ያሰብኩትን ሪቬት ለካ አለኝ። በልኩ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ አልሰረስርም።

ሥራውን ከመቀጠልዎ በፊት ሦስት ነገሮች ልጨምር። የትኛውንም ሪቬት ከሥዕሉ ቦታ አያንሱ፣ አይዝለሉ፣ ደርሼበት አልመታ ስላለኝ ብለው በራስዎ ውሳኔ በሚጎተት ሪቬት (ከአንድ ወገን ብቻ ተጎትቶ በሚያዝ) አይተኩ። የሚጎተት ሪቬት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከመነሻው በእሱ ተሰልተው የተነደፉ አውሮፕላኖች አሉ። ነገር ግን የሪቬት ረድፍ ስሌት ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. 520 ሰው የሞተበት የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 አደጋ መነሻው ከሰባት ዓመት በፊት በኋለኛው የግፊት ግድግዳ ላይ የተደረገ ጥገና ነበር። አንድ ወጥ መሆን የነበረበት ማያያዣ ላሜራ ለሁለት ተቆርጦ ስለገባ፣ ሁለት ረድፍ ሊሸከመው የሚገባውን አንድ ረድፍ ተሸከመው። ሪቬቶቹ እንደ ሪቬት ምንም አልጎደላቸውም ነበር። የሚያስቸግር ቦታ ካለ ንድፉን ለሠራው ኩባንያ ይጻፉ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎች ገንቢዎች ስለሚደርሳቸው ብዙ ጊዜ ዝግጁ መልስ አላቸው።

ስለ ቅደም ተከተሉ፦ ከላሜራው ጫፍ ጀምረው ወደ ሌላው ጫፍ አይምቱ። እያንዳንዱ ምት ላሜራውን በጥቂቱ ይለጥጠዋል፤ ከጫፍ ወደ ጫፍ ከሄዱ ትርፉ ተጠራቅሞ መጨረሻው ሪብ አጠገብ ይጎብጣል፣ በእጅ ሲጫኑት እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ግልብጥ ይላል። ከመሃል ተነስተው በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ውጭ ይሂዱ። ከመጀመርዎ በፊት ቀዳዳዎቹ ቢያንስ አንድ እየተዘለለ በክሌኮ (ላሜራዎቹን ለጊዜው አጣብቆ በሚይዝ የስፕሪንግ መቆንጠጫ) ይያዙ፤ ስፓሩ (የክንፉ ዋና ወጋግራ) አጠገብና ማዕዘኖቹ ላይ እያንዳንዱ ቀዳዳ። ሪቬት ከመግባቱ በፊት ላሜራው ሪቡን መቃቀፉን የሚያረጋግጥልዎ ክሌኮ ነው፤ ከፍ ብለው የቀሩት ሁለቱ አጠገብ ክሌኮ እንዳልነበረ እገምታለሁ። ሙቀትም አይርሱ። አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሜትር 0.023 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል። ላሜራው በመስኮት በገባ ፀሐይ 10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ጥላ ውስጥ ካለው አጽም ይልቅ በ2.5 ሜትር ርዝመት ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የሪቬቱ ግንድና የቀዳዳው ልዩነት ግን 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ላሜራውና አጽሙ እኩል እስኪቀዘቅዙ ይጠብቁ።

የመጨረሻው የክንፉ ጥምዝ ነው። የታችኛው ላሜራ እስኪገባ ድረስ ክንፉ ክዳን እንደሌለው ካርቶን ነው፤ በሁለት እጅ ይዘው ሊያጣምሙት ይችላሉ። ሲዘጋ ሳጥን ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት የነበረው ጥምዝ እስከ መጨረሻው አብሮት ይኖራል። አውሮፕላኑም ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ይበርና ዘወትር በመሪ መያዝ ይፈልጋል። ስለዚህ በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከስፓሩ ጫፍና ጫፍ ቱንቢ ይጣሉ፣ የሥሩንና የጫፉን ሪብ በዲጂታል ውሃ ልክ ይለኩ፣ ቁጥሩን ላሜራው ላይ በተለጠፈ ስኮች ላይ ይጻፉ። 60 ሪቬት ስለመታችሁ የዛሬውን ልኬት ከመጀመሪያው ቀን ጋር ያወዳድሩ። የታችኛውን ላሜራ የምትመቱ ቀን ደግሞ የእህትዎ ክንድ ከሪብ እስከ ሪብ በጠበበ ቦታ ነው የሚገባው፤ ላሜራውን ከኋላ በኩል ገልብጣችሁ፣ ከአንድ ማዕዘን እየዘጋችሁ፣ ለእጇ መውጫ ቀድማችሁ አስቡለት።

የ11ዱን ልኬት፣ የተጠቀሙበትን ርዝመትና ከጎን በመብራት የተነሳ የአንድ ስርጉድ ፎቶ ቢልኩልኝ የትኛው እንደሚወጣ አብረን እንወስናለን።